ለሰፈሩ ስል ታመምኩ

መጀመሪያ ልፎክር፤ ቁም ነገሩ ኋላ ይደርሳል። በታችኛው ሰፈራችን በሲቀላ እንጨት ሳትሸከም፣ ውሃ ሳትቀዳ፣ ገበያ ሳትወጣ፣ ለገዛ ጤናዋ ብላ ጠዋት ጠዋት ዳገት የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ዛሬ ስኒከር አድርገው የሚሮጡትን ልጃገረዶች ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ «የመንገዱን ክፈሉኝ እንጂ! ይሄን ዳገት ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። እነሱ ግን የሚስቁት በቀልዱ ነው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ህብረት ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። ያን ጊዜ የህብረት ሱቅ ሻጭ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በኩፖን፣ ዘይትማ በጸሎት ነበር። ሚዛኑ ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን በፊት እኔን ነበር የሚሳለመው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ግን ማንም አላስተማረኝም። ለስኳር መጠቅለያ የሚመጣውን አሮጌ ጋዜጣ ሳላነብ ቀድጄ አላውቅም። ስለ ኩባ ሸንኮራ ጠይቁኝ፣ ስለ ሶቭየት ትራክተር ጠይቁኝ። ያልተማርኩት ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ብቻ ነው።

ችግሩ ወንበሩ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ እቀመጣለሁ። በዚያ ላይ ሦስተኛውን ልጅ ስወልድ አማቴ ከደጋው ከጨንቻ ቅቤና ቡላ አስጭና ወረደች፤ ወርዳም ቀረች። እነሱ አገር ወላድ ሥራ አትነካም። ተቀምጣ ትበላለች፣ ቅቤ ትጠጣለች፣ ወፍራ ስታበቃ አጊጣ ገበያ ትወጣና አገር ያያታል። ከዚያ ተመልሳ እንሰቱን ትፍቃለች፣ ዳገቱን ትወጣለች፣ የበላችውን ብርዱና ሥራው ይበላላታል። እኔ ግን የደጋውን ምግብ ቆላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በላሁት። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር ጀርባዬ ላይ ቢጻፍ ቦታ ይተርፍ ነበር። አማቴ በኔ ትኮራለች። ጎረቤት ሲመጣ «ምራቴን እቀፏት እስቲ፣ ክንዳችሁ ከደረሰ» ትላለች።

አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ አጎንብሼ ስነሳ ሱቁ ዞረብኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበር፤ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ በክንዴ ሊጠመጥም ቢል አልደርስ አለው።

«እናትሽ አለች?» አለኝ።

«የለችም።»

«ምን ሆና ሞተች?»

ነገርኩት። እናቴ ያኔ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ነው፣ ከቡሃቃው ላይ ቀና ስትል ግማሽ አካሏ የከዳት። ከዚያ ወዲያ ቃል ተናግራ አታውቅም። ስሜን ልትጠራ ትሞክርና አልወጣ ሲላት ታለቅስ ነበር። ሰነባበተችና ሞተች፤ እኔም ሰው ቤት አደግሁ።

ድሬሰሩ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺም በሷ መንገድ ላይ ነሽ። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ የለም፤ ሲመጣም እናንተ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጠዋት ጠዋት ላብ እስኪያጠምቅሽ ተራመጂ። ጨውና ቅቤ ቀንሺ። አለዚያ ልጆችሽን ሰው ያሳድግልሻል።»

የመጨረሻዋ ቃል ናት የገባችኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ወፍ ሲንጫጫ እነሳለሁ። የሀለኮ ቅጠል፣ ሌላው ሽፈራው የሚለውን፣ ያፈላሁበትን ውሃ ሳላቀዘቅዘው እጠጣለሁ። ልጆቹን ለአማቴ ትቼ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣውን የሴቻን ዳገት ተያይዤው እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እንደ አሮጌ ቶዮታ ቆሜ ካልተነፈስኩ አልሄድም ነበር። ቆይቼ ግን ሀይቁ ወለል ብሎ እስከሚታይበት ጫፍ ሳልቆም መድረስ ጀመርኩ። እዚያ ላይ ከጫሞ በኩል የሚመጣው ነፋስ ላቤን ሲነካው ያለውን ነገር አልነግራችሁም። ተመልሼ ታጥቤ፣ ከቁርሴ ላይ ቅቤውን ለልጆቹ አካፍዬ፣ ሱቅ እከፍታለሁ። ጉልበቴ ቀለለኝ። የራስ ምታቴ ጠፋ። ባሌ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው፤ ከርሞ ሲመጣ አየኝና «ይቅርታ፣ ቤት ተሳሳትኩ» አለ።

ብቻዬን አልነበርኩም። የጎረቤቴ ሴትዮ እንጨት ሻጭ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በጀርባዋ ነው የምታሳድገው። የደን ጠባቂዎቹ ሳይነቁ ከሴቻ ጀርባ ካለው ጋራ ለቅማ መውረድ አለባት። ስንወጣ ሁለታችንም ባዶ ስለሆንን አብረን እናወራለን።

«አንቺ ስብ ለማውረድ ትወጫለሽ፣ እኔ እንጨት ለማውረድ» ትለኛለች።

«የኔ ገዢ የለውም እንጂ!»

«ወይ ጉድ፣ ቢኖረውማ አንቺን ሸጬ እገላገል ነበር።»

ያን ሳቃችንን የሰማ ሁሉ ግን እንደኛ አልሳቀም። ሴት ባዶ እጇን በማለዳ ወደ ላይ ከሄደች፣ ወይ ወዳጅ አላት ወይ ነክቷታል። አማቴ ሳይቀር «እየከሳሽ ነው፤ የልጄ ቤት ምግብ የለም ሊባል ነው» ብላ አኮረፈች። ወሬው ሲበዛ ብልጥ ሆንኩ፤ የሆነ ነገር ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አዝዬ መውጣት ጀመርኩ። የተሸከመች ሴት ማን ያያታል? እንግዲህ የኔ ብልጠት እዚህ ላይ ነው ጉድ የሰራኝ። የህብረት ሱቅ ሻጭ በማለዳ ጥቅል አዝላ ወደ ሴቻ ሆቴሎች አቅጣጫ ስትወጣ፣ ጥቅሉ ውስጥ ምን አለ? ስኳር ነዋ!

አንድ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች ከዳገቱ ስር ያዙኝና እየነዱ ቀበሌ አስገቡኝ። ሰፈሩ በሙሉ ተከትሎ ገባ። ጥቅሉ በቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ተፈታ። የባሌ አሮጌ ሱሪና አንድ ቀዳዳ ጆንያ።

«ሱሪውን ለማን ነው የምትወስጂው?» አለኝ ጥበቃው።

«ለማንም። ንፋስ እያስመታሁት ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። እውነቱን ተናገሪ ሲለኝ ተናገርኩ። የድሬሰሩን ነገር፣ ላቡን፣ ዳገቱን። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠኝ ጊዜ ደግሞ ሞቅ አለኝና ከጋዜጣ ያነበብኩትን ጨመርኩበት፤ የሰውነት ማጎልመሻ፣ ጤነኛ አካል፣ አምራች ኃይል። የተማረ ሰው እንኳን እንደዚያ አይናገርም ነበር፤ ይሄንን ለመመስከር በሕይወት ያሉ አሉ።

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫው ተነሳ። ለካስ ከላይ «ሴቶችን በስፖርት አሳትፉ» የሚል መመሪያ መጥቶለት፣ በምን እንደሚጀምር ጨንቆት ነበር የከረመው።

«ጓዶች!» አለ። «ይህች ጓድ ለብቻዋ የጀመረችውን እኛ በማህበር እንቀጥላለን!»

በሳምንቱ ወጣ ትእዛዙ። የቀበሌው ሴት ሁሉ ማለዳ ማለዳ ቀበሌ ግቢ ትገኛለች። የቀረች ስኳር አታገኝም። ስኳሩን የምከለክለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ያንን ትዕይንት ያየ ሰው ማልቀስና መሳቅ ይምታታበታል። ውሃ ቀድታ የመጣች፣ እሳት አንድዳ ሕፃን አዝላ የመጣች፣ ወገቧ ከሸክም ብዛት የጎበጠች ሴት ሁሉ ተሰልፋ፣ አንድ ወጣት ፊሽካ እየነፋ «እጅ ወደ ላይ! ዝለል! አንድ ሁለት!» ይላል። አንዷ ባልቴት «ልጄ፣ እጄ ወደ ላይ ከወጣ ዘመን የለውም፤ ሸክሙ ነው የሚወጣው» አለችው። እኔን ከፊት አቆሙኝ፤ ምሳሌ ነኛ። ከኋላዬ የሚደርሰኝ እርግማን ጀርባዬን ያሳክከኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ጎረቤቴን ነው የጎዳት። ከስፖርቱ በኋላ ጋራው ላይ ስትደርስ ጠባቂዎቹ ነቅተዋል። አንድ ቀን እንጨቷን ቀሙና ገርፈው ሰደዷት። በዚያው ዕለት ማታ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ ቤቴ መጣች። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ታመሚልን» አለችኝ።

«ምን?»

«ታመሚ። ስፖርት አንቺን ከጣለሽ ሊቀመንበሩ ይፈራል፣ ይተወናል። ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ መልሺው።»

«እኔ አላመጣሁትም! እኔ ያወራሁት ስለ ራሴ ነው።»

«እሱማ እናውቃለን። ዝም ብትዪስ ኖሮ?»

ጥፋቱ የኔ ነው አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። ግን ጀርባዋን አየሁት። እሺ አልኩ።

አጉል ትህትና አልወድም፤ የዚያን ቀን እንደወደቅኩት አወዳደቅ በሬድዮ ድራማ እንኳን አልተሰማም። «ዝለል» ሲል ዘለልኩ፣ አየር ላይ ሳለሁ ዓይኔን ገለበጥኩ፣ እንደ ጥጥ ጆንያ ዱብ አልኩ። አንድ እጄን አንዘፈዘፍኩ። ሊቀመንበሩ «ኧረ በሕግ! ሞተች እንዴ?» ብሎ ከፊቴ ላይ ኮፍያውን ሲያራግብብኝ ሳቄን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት። በቃሬዛ ወደ ቤት ተሸከሙኝ። ጎረቤቴና ሌሎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ፤ መንገደኛው የሚያለቅሱ መስሎት ባርኔጣውን እያወለቀ ያሳልፈናል። በበነጋው ስፖርቱ «ለጊዜው» ቆመ ተባለ።

ያልሳቀችው አማቴ ብቻ ናት። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ «በበሽታ አይቀለድም። የተጠራ ይመጣል። ይሄ ጎሜ ነው» አለችኝ። ጎሜ በጋሞ ተራራ የሚፈራ ነገር ነው። የማይደረገውን ያደረገ ሰው ላይ በሕመም፣ በሞት፣ በሰብል ጥፋት ይመለስበታል። ሰውየውም ያደረገውን በሽማግሌ ፊት አፍ አውጥቶ እስኪናገር አይለቀውም።

«እማማ፣ እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ አድራሻዬን አያገኘውም» አልኳት።

ጥቂት ቀን ተኛሁና አንድ ማለዳ ሀለኮዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቦኖው ጋ ስደርስ አንዲት ጀሪካን የምትሞላ ሴት ቀና አለች።

«ወዴት ነው?»

«እንደ ድሮዬ ነዋ።»

«ሞኝ ነሽ? ሊቀመንበሩ ቢያይሽ ድናለች ብሎ ነገ ፊሽካውን ይነፋብናል! ተመለሺ!»

ተመለስኩ። በሌላ ቀን በጓሮ ወጣሁ፤ እዚያም ሌላ ሴት አለች። እነዚያ ሴቶች የሚያደርጉትን የኬላ ጥበቃ ወታደሩ አያደርገውም። ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ «አንድ ወር ታገሺ፣ ይረሳዋል» አለችኝ። ሊቀመንበሩ ግን አልረሳውም። ሱቅ በመጣ ቁጥር «ጓድ፣ እንዴት ነው? ተሻለሽ?» ይለኛል። የሁሉም ዓይን አፌ ላይ ነው።

«አልተሻለኝም፣ ጓድ።»

ሰልፉ ትንፋሹን ይለቃል።

ወሩ ሌላ ወር ወለደ። ደግሞ ሴቶቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። የታመመ ሰው እንደሚጠየቀው ይጠይቁኛል። አንዷ የቡላ ገንፎ፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ አጥንት ቅቅል። «ብይ፣ ለኛ ብለሽ ነው» ይላሉ። አማቴ ደስ ብሏት ሁሉንም ተቀብላ ታጎርሰኛለች። እኔም ተመልሼ ወንበሩን ሞላሁት። የራስ ምታቱ መጣ። ደረጃ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይፈጫል።

አንድ ቀን ሱቅ ስዘጋ ጎረቤቴን ይዤ ለመንኳት። «የእናቴን አሟሟት ነግሬሻለሁ። ልሞትብሽ ነው። ለአንድ ሰዓት፣ ጨለማ ሳለ፣ ልራመድ።»

«ልጆችሽ አባት አላቸው፤ አንቺም ወንበር አለሽ። እኔ ያለኝ ይሄ ጀርባ ነው። እንደገና ከገረፉኝ አልነሳም» አለችኝ።

ምን ትመልሳላችሁ? ሱቁን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ።

የተጠራው በሽታ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስኳር ገብቷል፣ ሰልፉ እስከ መንገድ ነው። በጣሳ እየዛቅኩ ሳለሁ ጣሳው ከግራ እጄ ወደቀ። ላነሳው አልኩ፤ እጄ የሌላ ሰው ሆኗል። ወንበሩ ላይ ዘመም አልኩና ስኳሩ ላይ ተደፋሁ። ሰልፉ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቁ! ሊቀመንበሩ በዚያ በኩል እያለፈ ነበርና፣ ለሱ ያደረግኩት መስሏቸው ነው።

«ጎበዝ! ዛሬስ ጨመረችበት!» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«አፏንም ጠመመችው፣ አይ የሷ ነገር!»

ምራቄ ስኳሩ ላይ ሲወርድ ያየችው ጎረቤቴ ናት መጀመሪያ የጮኸችው።

አልሞትኩም። ግን ግራ ጎኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕዳ ሆነብኝ፤ ምላሴም ተሳሰረ። አማቴ ጊዜ አላጠፋችም። ከጨንቻ ሽማግሌዎች አስመጣች። የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጄ ላይ ተቀመጡ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ፤ አብዮት ጥበቃውም በሩ ላይ ጠብመንጃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ልጃችን» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ያደረግሽውን ተናገሪ። በሕዝብ ፊት ከተናገርሽው ይለቅሻል። እኛም እናስታርቅሻለን።»

አማቴ እግሬን ይዛ ታለቅሳለች። «አንድ ቃል ናት! ዋሽቼ ታመምኩ በያቸው! ለነዚህ ልጆች ብለሽ!» እያለች በጆሮዬ ትለምነኛለች።

ዋሽቼ ታመምኩ ካልኩ ጥበቃው ይሰማል። ጥበቃው ከሰማ ሊቀመንበሩ ይሰማል፤ ፊሽካውም ይመለሳል። ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከታ ታየኛለች። ሌሎቹም እንደዚያው። ያ ሁሉ ሴት ትንፋሹን ውጦ።

«ያ...ደረግኩት» አልኩ፣ «መ...ቀመጥ ነው።»

«ምን አለች?»

«መቀመጥ ነው ጥ...ፋቴ።»

ከመሃላቸው የገባው ሰው የለም። የገባኝን ያህል ደግሜ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ዳገቱ፤ ምላሴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ። በሕይወቴ ሙሉ የማይረባ ነገር ሳወራ ያዳመጠኝ አገር፣ አንድ እውነት ስናገር አልሰማኝም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ሣራቸውን እንደያዙ ተነሱ። «አልተናገረችም፤ አለቀቃትም» አሉና ወደ ደጋቸው ተመለሱ። አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሞቻዬን ቀን ነበር የምትጠብቀው። እሷ ቀድማ ሞተች፤ ሊቀመንበሩም ቀደመኝ። በዚህ እንኳን ልፎክር።

ከወራት በኋላ አንድ ማለዳ ልጆቹ ሳይነሱ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ቀኝ እግሬን አስቀደምኩ፣ ግራውን ጎተትኩት። እንዲህ እያልኩ በሩ ጋ ደረስኩ። ቦኖው ላይ ያ ሁሉ ጀሪካን ተሰልፏል። ቆም አልኩ፤ ተመለሺ የሚለኝን ጠበቅኩ። ሴቶቹ አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ጀሪካኗን ከመንገዴ ሳብ አደረገችልኝ።

ጎረቤቴ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከቤቷ ወጣች። አጠገቤ መጥታ ብብቴ ስር ገባች።

«አሁን ተራመጂ» አለችኝ። «አሁን ያየሽ ሁሉ ድናለች አይልም።»

እውነቷን ነው። ስፖርት የማይመስል፣ ጤና የማይመስል፣ ማንንም የማያሰጋ አረማመድ አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ተፈቀደልኝ። አብረን፣ አንድም ሳንቀልድ፣ እስከ ዳገቱ ስር ሄድን። እዚያ ስንደርስ ቀስ ብላ ከብብቴ ወጣች፤ ጠባቂዎቹ ሳይነቁ መድረስ አለባት። እሷ ወጣች። እኔ የመብራት ምሰሶውን ይዤ፣ ጀርባዋ ከመታጠፊያው እስኪሰወር አየኋትና፣ ብቻዬን ዞሬ እግሬን መጎተት ጀመርኩ።